ማርትሬዛ ብር በጎንደር ቆላ

ዛሬ በሳንጃ ገበያ ሰሊጥ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ሲጠራ «ብር» ይላል፤ የሚቀበለው ግን ወረቀት ነው። ብርነቱ በስሙ ብቻ ቀርቷል። ሳንጃ ባለችበት በአርማጭሆ ቆላም ሆነ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ በሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ፥ የአያቶቻችን ገንዘብ የአንዲት የባዕድ አገር ንግሥት መልክ የተቀረጸበት ማርትሬዛ፥ በሌላ ስሙም ጠገራ ብር ነበር።

የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሩ ግን ከሞቷ በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት ያው 1780 ነው። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ስለዚህ አንድ ሺህ ብር የያዘ ነጋዴ 28 ኪሎ ያስጭናል ማለት ነው። ሀብት በዚያ ዘመን አጋሰስ የሚያጐብጥ ነገር ነበር።

ይህን ብር መቀበል እንደ ዛሬው ቈጥሮ ኪስ መክተት አይደለም። ተቀባዩ ያገላብጠዋል፤ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ቀጥሎም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች እየተማረሩ እንደ ጻፉት፥ በንግሥቲቱ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ከሁሉ በላይ ልብሷን በትከሻዋ በኩል የሚይዘውን፥ ዘጠኝ ዕንቍ ያለበትን ጌጥ። ዕንቍዎቹ ተፍቀው ከጠፉ ብሩን ይመልሰዋል፤ ክርክሩም ይጀመራል።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. የመተማን ገበያ አይቷል፤ ከደጋ የሚወርደውን ቡና፥ ሰምና ቆዳ፥ የአካባቢውንም ጥጥ ይጠቅሳል። በዚያው የጉዞ መጽሐፉ፥ ዐረቦቹ ከዚህ ብር ሌላ አንቀበልም ማለታቸው የንግሥቲቱ ልብስ ደረቷን ገልጦ ስለሚያሳይ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን በእኔ ግምት የተሳሳተው ቀልደኛው ነው። የጌጡ ነጥቦች ከብሩ ፊት ከፍ ብለው የወጡ ናቸውና፥ መዳፍ ለመዳፍ ሲተላለፍ ቀድመው የሚያልቁት እነርሱ ናቸው። እነርሱ ካሉ የብሩ ክብደት አልጐደለም። ቤከር ሰዎቹ ደረት ያያሉ ብሎ ሲስቅ፥ ሰዎቹ ዕንቍ ይቈጥሩ ነበር፤ ይኸውም ሚዛን በሌለበት ገበያ መመዘን ማለት ነው።

ትዝታችን ግን ልኩን እንዳያልፍ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በዚያው በመተማ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ቤከርም ሴቶች ባሪያዎችን እንዳየ ጽፏል። የእነርሱም ዋጋ ዕንቍው እየተቈጠረ ተከፍሏል።

ዐፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስመቱ፥ ክብደቱና ጥራቱ ከማርትሬዛ የሚያንስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የራቀው ገበያ ፊቱን አዞረበት። ይህን አንዳንዶች በሕዝቡ አለማወቅ ያመካኙታል። እኔ ግን ነጋዴውን አልነቅፈውም፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ድረስ የታወቀችው እርሷ ነበረችና፥ ወሰን ተሻግሮ የሚነግድ ሰው ወሰን የምትሻገር ንግሥት ይፈልጋል።

የጦርነቱ ዘመን ታሪክ ደግሞ ከቀልድ ይበልጣል። በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ብሩን የመምታት መብት ከኦስትሪያ አገኘና በሮም አስመታ፤ ብዙም ሳይቈይ እንግሊዞች በለንደን፥ ኋላም በቦምቤይ መቱ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኰሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም አርበኞች ሲገባ የያዘው ገንዘብ ይኸው ማርትሬዛ ነበር። ስለዚህ ባንዳውም አርበኛውም በአንዲት ሴት መልክ ተከፍሎታል፤ በሁለቱም ብር ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ተጽፎ ነበር!

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፥ መንግሥት የሕዝቡን ጠባይ ያውቅ ነበርና ከወረቀቱ ጋር ከእውነተኛ ብር የተመታ የ50 ሳንቲም አወጣ። ሰውም ሃምሳ ሳንቲሙን እያገላበጠ ተቀበለ። ማርትሬዛ ከገበያ ወጥታ ወደ ሣጥን ገባች፤ ከሣጥንም ወደ አንጥረኛ እጅ። ብዙዎቹ ቀልጠው መስቀል፥ ድሪና አልቦ ሆነዋል። አንዳንዷን ግን አንጥረኛው ሳያቀልጥ ማንጠልጠያ ብቻ አበጅቶላት፥ ዕንቍዋ እንዳለ በሴት አንገት ላይ ትገኛለች።