የእንስሳት ገጸ ባሕርያትና ውክልና በልጆች ፊልም

በልጆች የካርቱን ፊልም እንስሳት እንደ ሰው ይናገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። የውክልና ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ አንበሳው የሚናገረው በማን ድምፅ ነው? ሕፃኑስ የሚሰማው በየትኛው ቋንቋ ነው? ጥያቄው ለምሥራቅ አፍሪካ ይበልጥ ይቀርባል፤ ዓለም ያወቃቸው የእንስሳት ፊልሞች ሜዳውንና አራዊቱን ከዚህ ወስደዋልና።

ብዙ ያከራከረው የዲዝኒ «ዘ ላየን ኪንግ» ነው (1994፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ብዙዎቹ ስሞች ስዋሂሊ ናቸው፤ ሲምባ አንበሳ፣ ራፊኪ ወዳጅ ማለት ነው። መክፈቻውን በዙሉ የሚያዜመው ደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም ነው። ለሲምባ አባት ለሙፋሳ ድምፁን የሰጠው ጥቁሩ ጄምስ ኧርል ጆንስ ሲሆን፣ ጎልማሳው ሲምባ ግን የሚናገረው በነጩ ማቲው ብሮድሪክ ድምፅ ነው። ከሦስቱ ጅቦች ሁለቱን የተጫወቱት ጥቁር አሜሪካዊቷ ሁፒ ጎልድበርግና የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ቺች ማሪን ናቸው። ሃያስያንን የከነከናቸው ይህ ነው፦ ከግዛቱ ዳር ተገፍተው የሚራቡት ጅቦች የከተማ ድሆችን አነጋገር ይዘው መጡ። በ2019 ፊልሙ እንደገና ሲሠራ ሲምባንና ጓደኛውን ናላን ጥቁሮቹ ዶናልድ ግሎቨርና ቢዮንሴ ተጫወቱ።

ጅብን መጥፎ ያደረገው ሆሊውድ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ተረት አያ ጅቦ ሆዳምና በቀላሉ የሚታለል ነው። ሐረር ላይ ግን ሰው ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ሰክቶ፣ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ጅብ ያበላል። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ስለ ጅብ የሚያስበው ሌላ ነው።

በኢትዮጵያ አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት አውርተዋል። የእንስሳ ገጸ ባሕርይን በልጆች ፕሮግራም መሪነት ያስቀመጠው ግን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ2005 ባቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ተዘጋጅቶ በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ከካልሲ የተጀመረች አሻንጉሊት እንጂ ካርቱን አይደለችም፤ ነገር ግን አማርኛ ትናገራለች፣ ጤናና ፊደል የምታስተምረውም የአገሯን ልጆች ነው። ፕሮግራሙ በ2008 በጃፓን የትምህርታዊ ሚዲያ ውድድር ተሸለመ፤ ብሩክታዊት በ2010 የሮሌክስን ሽልማት አገኘች።

ሌላዋ ቀጭኔ ሱዳናዊት ናት። የግብፁ ሙሐመድ ዓሊ ለፈረንሳዩ ቻርልስ አሥረኛ ሰጥቷት ከማርሴይ እስከ ፓሪስ በእግሯ የተጓዘችው በ1827 ነው። በ2012 የወጣው የፈረንሳይ ካርቱን «ዛራፋ» ታሪኳን ከባሪያ ነጋዴዎች ካመለጠ ሱዳናዊ ልጅ ጋር አስተሳስሮ ተረከው። እንስሳዋ ብቻ ሳትሆን የአገሯም ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ መሆኑ ፊልሙን ከብዙዎቹ ይለየዋል።

የቋንቋው ጥያቄ በደቡብ ሱዳን ከፊልም ይቀድማል። ከጁባ በስተ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ረጃፍ፣ በሚያዝያ 1928 የቅኝ አስተዳደሩ ሹማምንትና ሚሲዮኖች ተሰብስበው የደቡብ ልጆች በየትኞቹ ቋንቋዎች መማር እንደሚጀምሩ ወሰኑ። ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ሎቱኮና ዛንዴ ከተመረጡት መካከል ነበሩ። ውሳኔው ደቡብን ከዓረብኛ ተናጋሪው ሰሜን ለመለየት ያገለገለ ነበር፤ ብዙ ትናንሽ ቋንቋዎችንም ወደ ጎን ትቷል። ያም ሆኖ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ይጀምር የሚለው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው።

እዚያው ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ከነጭ ዓባይ በስተ ምሥራቅ፣ በቦማና በባዲንጊሎ ብሔራዊ ፓርኮች መካከል፣ በ2024 ይፋ በሆነ የአየር ላይ ቆጠራ መሠረት ስድስት ሚሊዮን ያህል የሜዳ አጋዘኖችና መሰሎቻቸው በየዓመቱ ይፈልሳሉ። በ«ዘ ላየን ኪንግ» ሙፋሳን የሚገድለውን የመንጋ ሩጫ ያየ የጁባ ልጅ፣ ከዚያ የሚበልጠው መንጋ የሚያልፈው በራሱ አገር ነው። ለልጆች ፊልም የሚሠሩ ሁሉ ይህን ፍልሰት በባሪና በዲንቃ ቋንቋ ይተርኩት።