የገና ዘፈንና የመተማ መንገድ



በመተማ ቆላ ገና በውርጭ አይታወቅም። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ካለቀ በኋላም ቀትሩ ያቃጥላል። የበዓሉ መድረስ የሚታወቀው «አሲና ገናዬ» ሲባል ነው። ደገኛው ከሀገሩ ይዞት የወረደው ይህ ዜማ ብርዱን ባያመጣለትም ገናውን ያመጣለታል።

ይሁን እንጂ ይህ ዘፈን የሚሰማበት ወቅት የመንገድ መከፈቻም ነበር። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፥ የጎንደር ነጋዴ ጭነቱን ጭኖ ወደ መተማ ገበያ ይወርዳል። ምን ያደርጋል፥ ጦርም የሚጠብቀው ይህንኑ በጋ ነው! በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው መተማን መቱ። በዓመቱ፥ በጥር 1880 ዓ.ም.፥ የደርቡሹ አዝማች ሐምዳን አቡ አንጃ ወደ ደምቢያ ወጥቶ የንጉሡን ጦር በሳር ውኃ ድል አደረገ፤ ጎንደር ገብቶም ከተማውንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። እንግዲህ በዚያ ታኅሣሥ በገና ሜዳ ላይ ሲዘፍን የዋለው የጎንደር ልጅ፥ ወሩ ሳይሞላ ያደገበትን ደብር ሲነድ አየ ማለት ነው። የብራናው መጽሐፍ ተቃጠለ፤ የልጆቹ ዘፈን ግን የተጻፈ አልነበረምና ከሸሹት ጋር አብሮ ሸሸ።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በዚያው በበጋ መንገድ ወርደው በመተማ ወደቁ።