ፊታችን ከፎቶግራፉ ላይ ለምን ጠፋ?
የካሜራ ዋጋና የፎቶግራፍ እርማት ታሪክ



በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም የመጀመሪያውን ስግድ ያከበሩት በኖቬምበር 1991 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ቀን በአንዲት ትንሽ ካሜራ 24 ፎቶግራፍ አነሣሁ። ፊልሙን አሳጥቤ ለአክስቴ ባሳያት ግራና ቀኝ አገላብጣ አየችውና፣ «ልጄ፣ ነጠላዬንስ አየሁት፤ እኔ የታለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነጠላዋ እንደ ወተት ነጥቷል፣ ጥለቱ ሳይቀር ይቆጠራል፣ የቄሶቹ ዣንጥላም ደምቋል። የእሷ ፊት ባለበት ቦታ ግን የሚታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጥፋቱን በካሜራዬ ላይ አላከከ። «ርካሽ ዕቃ ስለ ያዝክ ነው» አለኝና ሄዶ ሌንሱ የሚፈታ የሚገጠም ትልቅ ካሜራ በ12 ታሽሉሚም ገዛ። ያን ጊዜ ከኡልፓን ወጥቶ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበርና ዕዳው ቀላል አልነበረም። ሻጩም ይህን ከገዛህ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ብሎት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ስግድ በዚያ ካሜራ አነሣን። ነጠላው አሁንም ነጭ፣ ፊታችንም አሁንም ጥቁር ሆነ። ለውጡ ጥላው ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ መውጣቱ ነበር!

ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ የፎቶግራፍን ታሪክ ሳነብ ነው። ልጆቻችን ዛሬም በካሜራና በስልክ ዋጋ ስለሚከራከሩ ታሪኩን ከመጀመሪያው ማንሣቱ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ በሆነበት ጊዜ ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ሥራ ነበር። በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ያወጣው አዲስ ዘዴ ወጪውን ቢቀንሰውም ጣጣውን አልቀነሰውም። አንሺው መስተዋት ላይ መድኃኒት ይቀባል፣ መድኃኒቱ ሳይደርቅ ያነሣል፣ እዚያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ያጥባል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ የጦሩ መሐንዲሶች ፎቶ ማንሻ ይዘው የመጡት በዚህ ዘመን ነው። ካሜራ ማለት ያን ጊዜ ከነመስተዋቱ፣ ከነጠርሙሱና ከነድንኳኑ ሙሉ ጭነት ማለት ነበር።

ይህን ጭነት ከሰው ጫንቃ ላይ ያወረደው በአሜሪካ፣ በሮቸስተር ከተማ የባንክ ጸሐፊ የነበረው ጆርጅ ኢስትማን ነው። ኢስትማን ሃያዎቹን ሳይጨርስ ለሽርሽር ሊሄድ አስቦ ወደ 50 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አውጥቶ የፎቶግራፍ ዕቃ ገዛ፤ አጠቃቀሙን ለመማር ደግሞ 5 ዶላር ከፈለ። ጉዞው ቀረ፣ የዕቃው ብዛት ግን ሲያናድደው ኖረ። በ1888 ኮዳክ ብሎ የሰየመውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን ውስጡ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ፊልም ተጠቅልሎበታል። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ሮቸስተር ይልካል፤ በ10 ዶላር ፎቶግራፉ ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለስለታል። ማስታወቂያውም እናንተ ቁልፉን ተጫኑ፣ የቀረውን እኛ እንሠራለን የሚል ነበር።

በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለችው የካርቶን ሣጥን ካሜራ በ1 ዶላር ወጣች። ፊልሟ 15 ሳንቲም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ150,000 በላይ ተሸጠች። ነጋዴው የሚያተርፈው ካሜራውን አንድ ጊዜ በመሸጥ ሳይሆን ፊልሙን፣ ማጠቢያውንና ወረቀቱን ዕድሜ ልክ በመሸጥ መሆኑን ኢስትማን ተረድቶ ነበር።

እንግዲህ የአክስቴ ፊት የጠፋው እዚያ «የቀረውን እኛ እንሠራለን» በተባለው ላይ ነው። ፎቶግራፉን የሚያነሣው ሰውና ፎቶግራፉን የሚጨርሰው ሰው ከ1888 ጀምሮ ተለያይተዋል። የሚጨርሰው ሰው ደግሞ የተነሣውን ሰው አያውቀውም፤ የሚሠራው በተሰጠው መለኪያ ነው።

መለኪያው ምን ነበር? ኮዳክ በአሜሪካ የቀለም ፊልም ሲሸጥ የማጠቢያውን ዋጋ አብሮ ያስከፍል ነበር። በ1954 ከመንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት ይህን እንዲተው ተገደደና ማጠቡ ወደ ግል ፎቶ ቤቶች ወጣ። ፎቶ ቤቶቹ ማሽናቸውን የሚያስተካክሉበት አንድ የማመሳከሪያ ፎቶግራፍ ይላክላቸው ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ቆዳዋ የነጣ ሴት ናት። የመጀመሪያዋ ሸርሊ የምትባል የኮዳክ ሠራተኛ ስለ ነበረች ካርዱም በባለሙያዎች ዘንድ «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ቆዳ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ አልነበረም።

ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ያጠናችው ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮት ናት። እሷ እንደ ጻፈችው ኮዳክ የቡናማ ቀለምን አወጣጥ እንዲያሻሽል አጥብቀው ከጠየቁት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ጥቁሩን ቸኮላት ከነጣው፣ አንዱን እንጨት ከሌላው ፊልሙ አልለይ ብሏቸው ነበር። ወላጆችም ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው በተነሡት የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ላይ የጥቁሮቹ ልጆች መልክ አይታይም ብለው ያማርሩ እንደ ነበር ጽፋለች። በ1980ዎቹ የተሻሻለው ፊልም ሲወጣ በደብዛዛ ብርሃን ያለን ጥቁር ፈረስ ሳይቀር ያሳያል ተብሎ ነው የተወራለት። ስለ ሰው ከመናገር ስለ ፈረስ መናገር ቀለላቸው መሰለኝ። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው የተነሡበት የማመሳከሪያ ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

ከዚህ በላይ ግን በእኛ በዓል ላይ የሚጨመር ሌላ ምክንያት አለ። እሱም ነጠላችን ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ነጠላን ከፊት አይለይም። ያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ፣ ከመቶ 18 እጅ ያህል ብርሃን የሚመልስ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ተራራ ሙሉ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ነጩ ልክ ሲሆን ፊቱ ይጨልማል። ፎቶ ቤት ያለው የማተሚያ ማሽንም በዚያው አማካይ ስለሚሠራ እንደገና ያጨልመዋል። አንዱ ስሕተት በሌላው ላይ ተደረበ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ዕዳ ያስቆጨኝም ለዚህ ነው። በገዛው ካሜራ ላይ የፊልሙን ፍጥነት የሚነግሩባት ቁጥር ነበረች። የ200 ፊልም ጎርሶ ሳለ 100 ብሎ ቢያዞራት ኖሮ ካሜራው እጥፍ ብርሃን ያስገባ ነበር። የቀለም ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፣ ሲያንሰው ግን አይታገሥም። በእኔ ትንሽ ካሜራ ላይ ቁጥሯ ባትኖርም አክስቴን ከፀሐዩ ወደ ዛፍ ጥላ ፈቀቅ አድርጌ፣ ቀረብ ብዬ ላነሣት እችል ነበር። ፎቶ ቤቱንም «ፊቱ እንዲበራ አድርጋችሁ ድገሙልኝ» ማለት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ማሽን የሠራው ነገር የማይታረም መስሎን ዝም አልን። የዛሬውም ስልክ ቢሆን ጣትን ፊቱ ላይ አሳርፎ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ አንድ ሼኬል አያስወጣም።

ዕቃ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዴቪድ ሩቢንገር በቪየና ተወልዶ በ1939 ወደዚህ አገር የመጣ ስደተኛ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ሥር ሲያገለግል ፓሪስ ያገኛት ወዳጁ አንድ ካሜራ ሰጠችው፤ ፎቶግራፍ ማንሣትን የወደደው በዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን አገር ላይካ የተባለውን ጥሩ ካሜራ በ200 ሲጋራና በአንድ ኪሎ ቡና ለወጠ። ላይካ ኦስካር ባርናክ የተባለ የታመመ ሰው ከባዱን ካሜራ መሸከም አቅቶት የፈለሰፈው፣ በ1925 ለገበያ የቀረበ ትንሽ ካሜራ ነው። ሩቢንገር በጁን 7 ቀን 1967 ምዕራባዊው ግንብ ዘንድ ሲደርስ በግንቡና በፊት ለፊቱ ባሉት ቤቶች መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለ ነበረ መሬት ላይ ተኝቶ ሦስቱን ወታደሮች ከታች ወደ ላይ አነሣቸው። እሱ ያን ፎቶግራፍ ይህን ያህል አልወደደውም፤ የተሻለ ነው ያለችው ባለቤቱ ናት። ካሜራው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን መሬት ላይ መተኛት በሲጋራም በቡናም አይገዛም።

አሁን ወደ እርማቱ እንምጣ። ፎቶግራፍ ማረም በኮምፒዩተር የተጀመረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሙኒኩ ፎቶ አንሺ ፍራንትስ ሃንፍሽቴንግል በ1855 በፓሪስ ትርዒት ላይ አንዱን ፎቶግራፍ ሳይታረምና ታርሞ ጎን ለጎን አሳይቶ ሕዝቡን አስገርሟል። አዲስ አበባም ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሣ ከነበረው ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ከልጆቹ ጀምሮ በፎቶ ቤት ባህል የታወቀች ከተማ ናት። በየከተማው ፎቶ ቤት የተነሣ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ባለሙያው በሹል እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ጠባሳ ያጠፋል፣ የሙሽራዋን ጉንጭ በቀለም ያቀላል። ያን ጊዜ ማንም ውሸት ብሎ አልጠራውም።

ይሁን እንጂ በዚያው እርሳስና ምላጭ የተሠራ ሌላ ሥራ አለ። የስታሊን የፀጥታ ሹም የነበረው ኒኮላይ የዦቭ በ1940 ከተገደለ በኋላ፣ ከስታሊን ጋር ቦይ ዳር ቆሞ ከተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ተፍቆ በእሱ ቦታ ውኃ ተሞላ። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች የሠሩት ፎቶሾፕ በ1990 ወጣ። በጁን 1994 ታይምና ኒውስዊክ መጽሔቶች ፖሊስ ያነሣውን አንዱን የኦ. ጄ. ሲምፕሰን ፎቶግራፍ በሽፋናቸው ላይ አወጡ። ኒውስዊክ እንዳለ አተመው፤ የታይም ሠዓሊ ግን ፊቱን አጥቁሮት ነበር። ሁለቱ መጽሔቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለ ተሰቀሉ ሰው ሁሉ ልዩነቱን አየና ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ። አንዱ ፊት በጥቂት እርማት እንዴት ወንጀለኛ ሊመስል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ለእኛ ግን እርማት ሌላም ፈተና አለው። በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በሠፈሩ ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆን አንድ የተጨማደደች ጉርድ ፎቶግራፍ ናት። በማውቀው አንድ ቤት ልጆቹ የአባታቸውን ጉርድ ፎቶ ቤት ወስደው፣ ኮትና ክራቫት አልብሰው፣ እዚህ አገር ከተነሣው የቤተሰብ ፎቶግራፍ መካከል አስገቧቸው። እናትየው አይተው አለቀሱ፤ ግድግዳው ላይም ሰቀሉት። የልጅ ልጆቹ ግን አያታቸው ኢየሩሳሌም ደርሰው የሞቱ መስሏቸው አደጉ። እኔ ያን ፎቶግራፍ አውርዱ ለማለት አፌ አልደፈረም። የለመንኳቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጀርባው ላይ መቼና እንዴት እንደ ተሠራ፣ አባትየው የት እንደ ቀሩ በአማርኛም በዕብራይስጥም እንዲጽፉበት፤ ሁለተኛ፣ ጉርዷን ሳይነኩ ለብቻ እንዲያስቀምጡ።

በ2021 ጉግል የስልኩ ካሜራ ጥቁርና ጠይም ፊትን በእውነተኛ መልኩ እንዲያወጣ ማስተካከሉን አስታወቀ። ሸርሊ ካርድ ላይ ከተነሣች ወዲህ ስንት ዓመት እንደ ሆነ እናንተው ቁጠሩት።

ባለፈው ዓመት የ1991ዱን ኔጋቲቭ ከካርቶን ውስጥ አግኝቼ ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁት። በወረቀቱ ላይ ጥላ ብቻ የነበረው ቦታ ብርሃኑ ከፍ ሲደረግለት ቀስ እያለ ፊት ሆነ። አሸዋ የተነዛበት ይመስላል፣ ግን አክስቴ ናት። ወደ ግንባሯ የወረደው ሹሩባዋ፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ ፀሐዩ ስላስጨነቃት ያጠበበችው ዓይኗ ሁሉ አለ። የልጅ ልጇ አሸዋውን ላጥፋው ብሎ በስልኩ አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ ፊቷ እንደ ሕፃን ለሰለሰ፤ ንቅሳቷም አብሮ ጠፋ። «ይህቺ አያቴ አይደለችም» ብሎ ራሱ መለሰው። አሸዋማውን አሳተምን።