ከገበሬ ጎተራ ወደ ኮምቦልቻ መጋዘን፦ የ«አዲስ ጦርነት» ንድፈ ሐሳብ በደቡብ ወሎ ሲፈተሽ

የጦርነት ባሕርይ ስለመለወጡ ብዙ ተጽፏል። ቫን ክሬቬልድ መንግሥታት ጦርነትን በብቸኝነት የያዙበት ዘመን እያከተመ ነው ብለዋል፤ ሌሎች ለውጡን በጦርነት ትውልድ ቆጥረውታል። ከእነዚህ ጋር እዚህ ሙግት የለኝም። ሙግቴ ከሜሪ ካልዶር ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት «አዲስና አሮጌ ጦርነቶች» የአገራችንን ጦርነት ለማስረዳት ደጋግሞ ሲጠቀስ አያለሁና።

ካልዶር ቦስኒያን መነሻ አድርገው አዲሱን ጦርነት ከአሮጌው በሦስት ነገር ይለያሉ፦ በዓላማው፣ በአካሄዱና በገንዘብ ምንጩ። ሁለቱን ልለፋቸው። ሦስተኛው ግን ሊታለፍ አይገባም። እንደ እርሳቸው አሮጌውን ሠራዊት የሚያቆመው መንግሥት የሚሰበስበው ግብር ነው፤ አዲሱ ታጣቂ ደግሞ በዘረፋ፣ በኬላ ቀረጥ፣ ውጭ አገር ካለ ወገን በሚላክ ገንዘብና ከዕርዳታ በሚነጠቅ እህል ይኖራል። አሮጌ የሚሉት የአውሮፓን ጦርነት መሆኑን አልሸሸጉም። ነገር ግን የአንድን አህጉር ልማድ መለኪያ አድርጎ ከዚያ የወጣውን ሁሉ «አዲስ» ማለት፣ በእኛ ዘንድ ጥንታዊ የሆነውን የዘመኑ ግኝት ያደርገዋል።

ለዚህ ምስክሬ ችላ የተባለው የሪቻርድ ኮልክ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ይህ ጽሑፍ ከ1850 ገደማ እስከ 1935 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ እንዴት አብረው እንደኖሩ ይመረምራል፤ ሠራዊቱን ገና በርእሱ ነጣቂ ይለዋል። ወታደሩ ገበሬ ቤት እየተመራ ይበላ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ፤ አልዘለቀም። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ከክፉ ቀን ማግስት፣ አስራት የጣሉት ገበሬውን ከዚህ ሸክም ለማሳረፍ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሠራዊቱ ወረኢሉ እንዲከተት ታወጀ፤ ደቡብ ወሎም የአድዋ ዘመቻ መነሻ ሆነ። የካቲት 1888 የምኒልክን ሰፈር ክፉኛ ያስጨነቀው የስንቅ ማለቅ ነበር፤ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ያ ታላቅ ሠራዊት ሳይዋጋ ሊመለስ ይችል ነበር። ግብርና ዘረፋ በአንድ ሠራዊት ሆድ ውስጥ አብረው ኖረዋል፤ የካልዶር ክፍፍል እዚህ ቦታ የለውም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? እህሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው የተለወጠው። ድሮ እህል በየገበሬው ጎተራና ጉድጓድ ተበትኖ ስለነበር፣ የሚበላውም ሠራዊት መበተን፣ በልቶም መሄድ ነበረበት። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ ቦምቡ ለሆስፒታል እንኳ አልራራም። የዘመናዊ ጦርነትን መግቢያ እዚህ ላይ የሚያደርጉ አሉ። እኔ ግን ከዚያ ድብደባ ይልቅ ቀጥሎ የተሠራውን የመኪና መንገድ አስቀድማለሁ። ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ የአሰቡን መገንጠያ የሚያገኘው ኮምቦልቻ ላይ ነው። በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ኮምቦልቻን፣ ሚያዝያ 18 ደግሞ ደሴን የያዘው ይህንኑ መንገድ ሲከተል ነው። ከዚያ ወዲህ እህሉም መንገዱን ተከትሎ መጣ። የመንግሥት መጠባበቂያ ክምችት፣ የዕርዳታ መጋዘኖች፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ፣ በኮምቦልቻ፣ ተሰበሰቡ።

በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ኅዳር 27 መንግሥት መልሶ እንደያዛቸው ገለጸ። ኅዳር 29 የተባበሩት መንግሥታት የኮምቦልቻ መጋዘኖች በሰፊው መዘረፋቸውን፣ ዘረፋውም በትግራይ ታጣቂዎችና በአንዳንድ ነዋሪዎች እንደተፈጸመ መነገሩን አስታወቀ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱም ከተሞች ማደሉን አቆመ። ከተወሰደው ውስጥ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው ይገኝበታል። የተወሰደበት መንገድ ለኮልክ ወታደር እንግዳ አይደለም። ጉዳቱ ግን ሌላ ነው። ድሮ ሠራዊት የሰፈረበት አገር ይራቆት ነበር፤ አሁን ጥቂት ግቢዎች ሲራቆቱ፣ ወታደር ያልረገጠው መንደርም ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውም አብረው ይራባሉ።

የጦርነቱን ሚዛን የቀየረው ድሮን ነው የሚሉ ይኖራሉ። ድሮን ወሳኝ የሚሆነው ከደጀኑ ርቆ በአንድ መንገድ ላይ በተንጠለጠለ ሠራዊት ላይ ነው፤ ይህም ወደ ስንቁ ይመልሰናል። ካልዶር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጡት መልስ፣ ዋናው ነገር ሁሉም አዲስ መሆኑ ሳይሆን ፅንሰ ሐሳቡ ለምርምርና ለፖሊሲ መጥቀሙ ነው ብለዋል። ለወሎ አልጠቀመም፤ ተመራማሪውን ወደ ታጣቂው ማንነት እየመራ ከመጋዘኑ አርቆታል። የአንድ አካባቢን ማስረጃ ለመላ አገሪቱ ማዋል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ እቀበላለሁ። ሆኖም የ2014ን ጦርነት የሚያጠና ሰው ከጦር ሜዳ መግለጫዎች በፊት የኮምቦልቻ መጋዘኖችን ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) አንድ በአንድ ያስተያይ፤ ምን ያህል ገቢ እንደሆነ፣ ምን ያህል በሕጋዊ ወጪ እንደወጣና ያለ ፊርማ የጎደለው ስንት እንደሆነ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።