የመሮና የእጀታው ታሪክ



ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ብረቱን ብቻ አውልቆ ወደ ቀጥቃጭ ይወስዳል እንጂ ሞፈሩንና ዕርፉን አይሸከምም። የቢላዋ እጀታ ግን ከብረቱ ጋራ አብሮ ይኖራል፤ አብሮም ያረጃል። ብረትና እጀታ ሊለያዩ ይገባቸዋል ወይስ አንድ ሆነው ሊኖሩ? ይህ ጥያቄ በእንጨት ቶርኖ ሠራተኞች ዘንድ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተቈረጠ ክርክር ነው። ዛሬ የምንናገረው የዚህን ክርክር ታሪክ ሲሆን፥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቶርኖ እንጨቱን የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው፤ ሠራተኛውም መሮውን ከፊት ለፊት በተተከለ ማሳረፊያ ላይ አድርጎ የሚዞረውን እንጨት ይቀርጻል። በሥዕል ከታወቁት ቶርኖዎች ጥንታዊው በግብጽ አገር በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ቅርጽ ላይ አንድ ሰው ገመድ እየሳበ እንጨቱን ሲያሽከረክር፥ ሌላው መሮውን በእጁ ይዞ ሲሠራ ይታያል።

በ1680 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሞክሰን ስለዚህ ሙያ ሲጽፍ፥ የቶርኖ ሠራተኛ እጀታ ከአናጢ እጀታ የተለየ መሆኑን አስረድቷል። ሠራተኛው መሣሪያውን አጽንቶ ይይዝ ዘንድ እጀታው እስከ ብብቱ ሥር የሚደርስ ረጅም ነበረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የመሮው ጫፍ ከማሳረፊያው አልፎ በረዘመ መጠን፥ የሚዞረው እንጨት ጫፉን ወደ ታች የሚገፋበት ኀይል ይበረታል፤ ይህንንም የሚመክተው የእጀታው ርዝመት ነው። እጀታው ቢላላ ግን ብረቱ በድንገት እንጨቱን ነክሶ ሥራውን ያበላሻል፥ ሠራተኛውንም ያቈስላል። ስለዚህ የሾለውን የብረቱን ጭራ በእንጨት እጀታ ውስጥ አጥብቆ መትከል፥ እጀታውም እንዳይሰነጠቅ አፉን በናስ ቀለበት ማሰር ልማድ ሆነ። ሠራተኛው እጀታውን በገዛ ቶርኖው ላይ ለእጁ ልክ አድርጎ ስለሚያበጀው ወጪው ብዙ አልነበረም።

ታዲያ የሚለዋወጠው እጀታ ከየት መጣ? የመጣው እጅ መሣሪያውን መያዝ ከተወበት ሥራ ነው። በ1800 ገደማ ሄንሪ ሞድስሊ ስለቱን በብሎን ጨብጦ የሚያንቀሳቅስ ተንሸራታች መያዣ ያለው የብረት ቶርኖ በሎንዶን ሠራ። በዚያው ዘመን ከስትራስቡርግ መጥቶ በሎንዶን የተቀመጠው ሆልዛፕፈል ለመኳንንትና ለባለጸጎች የጌጥ ቶርኖ ይሸጥ ነበር፤ የመጀመሪያውንም የሸጠው በ1795 ነው። ከነዚህ ቶርኖዎች ጋራ ብዙ ጥቃቅን ስለቶች ይሰጡ ስለ ነበር፥ ለእያንዳንዱ እጀታ ከማበጀት ይልቅ አንዱ መያዣ ብዙዎቹን በየተራ እንዲይዝ ተደረገ።

የብረቱም ዋጋ ነገሩን አፋጠነው። በ1900 ቴይለርና ዋይት የተባሉ አሜሪካውያን ግለት ቶሎ የማያለዝበውን ብረት በፓሪስ ኤግዚቢሽን አሳዩ። በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ ቪዲያ የተባለውን እጅግ ጠንካራ ቅይጥ ለገበያ አቀረበ። እንዲህ ያለው ውድ ነገር በመሣሪያው ጫፍ ላይ ብቻ እየገባ፥ ሲዶለዱም ይለወጥ ጀመር። ይህ የፋብሪካ ዘዴ በ21ኛው መቶ ዓመት በእንጨት ቶርኖ ሠራተኞችም ዘንድ ተስፋፍቷል፤ ዛሬ ባንድ የአሉሚኒየም እጀታ ብዙ ብረቶችን በብሎን እያጠበቁ የሚሠሩ አሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምርጫው የአሮጌና የአዲስ አለመሆኑን ነው። የሚለዋወጠው እጀታ ቦታ ይቈጥባል፤ ለጥልቅ ሳሕን ረጅሙን፥ ለጥቃቅን ጌጥ አጭሩን ለማግባት ይመቻል። ነገር ግን ብረቱ በተለወጠ ቊጥር ብሎን መፍታትና ማጥበቅ ግድ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ይህን ሲሰለች በያዘው ብረት ያልተገባውን ሥራ ይሠራል፥ ወይም ብሎኑን ሳያጠብቅ ይነሣል፤ አደጋም ከዚህ ይመጣል። ቋሚ እጀታ ያለውን መሮ ግን ዐይን ሳያየው እጅ ይለየዋል፤ ሁልጊዜም ለሥራ የተሰናዳ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ለሚነሣው መሮ የራሱ እጀታ ይኑረው፤ አልፎ አልፎ ለሚፈለገው ግን አንዱ እጀታ ለብዙ ቢያገለግል ነውር የለበትም።