ከመልካ ጀብዱ እስከ ባሕር ጠረፍ፤ የአንድ መንገድ ታሪክ

መንገድ ሁለት ዓይነት ተጓዥ አለው፤ አንዱ ለመድረስ የሚሄድ፥ ሁለተኛው ለማየት የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው የቀኑን ርቀት በስንቁና በውኃው ይለካዋል፤ ሁለተኛው ግን ተራራውንና ሜዳውን እያስተዋለ፥ በደከመውም ጊዜ እያረፈ ይንሸራሸራል። ከሐረርጌ ደጋ ተነሥቶ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርደው መንገድ ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተናገደው የመጀመሪያውን ዓይነት ተጓዥ ነው፤ ለሽርሽር ልብ ላለው ሰው የተከፈተው በኋላ ዘመን ነው። ዛሬ ይህ መንገድ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ባለችው በመልካ ጀብዱ በኩል አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶለታልና፥ የጥንቱን ነገር መመርመር ከታሪክ ወዳጅነት በላይ የሆነ ጥቅም አለው።

«መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ቅኔ የለመደ ጆሮ ስሙን ሲሰማ ወደ «መልክዕ» ሊወስደው ይችላል፤ ዳሩ ግን የቦታው ነገር ከመልክ ይልቅ ከመሻገር ጋር ይስማማል። መሻገሪያ የሆነ ቦታ ሁሉ የሚከብረው የሚሻገርበት ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

በቀድሞ ዘመን የሐረር በር በባሕር በኩል ዘይላ ነበረች። ኢብን ባቱታ የሚባለው የሞሮኮ ሰው በ1323 ዓ.ም. ግድም ወደዚህች ወደብ ደርሶ፥ ከዓሣው ብዛትና በመንገድ ላይ ከሚታረደው የግመል ደም የተነሣ ሽታዋን ጠልቶ፥ ባሕሩ ቢናወጥበትም ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣ ነጋዴ ጭነቱን በግመል አድርጎ በረሓውን በማለዳና በሌሊት ያቋርጣል፤ ቀን ከፀሐይ ይሸሸጋል። ጊልዴሳ ሲደርስ ግን ግመል ተራራውን መውጣት አይሆንለትምና ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ይዛወራል። ስለዚህ ጊልዴሳ የጉምሩክ ስፍራ፥ የግመለኛና የበቅሎ ነጂ መገናኛ፥ የወሬም መለዋወጫ ሆና ኖረች።

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. በኅዳር ወር የአረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሥቶ፥ ሐረር የገባው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ በከተማይቱም የተቀመጠው ዐሥር ቀን ብቻ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው የፈረንሳይ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር ጉልበቱ ቢታመም፥ በ1883 ዓ.ም. ዐሥራ ስድስት ሰዎች በቅሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። በዚያ በረሓ ዝናም ሲወርድበት መጠለያ አጥቶ ያደረበት ጊዜ ነበር። ወደ አገሩ ተሻግሮ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ በ1884 ዓ.ም. በኅዳር ወር በማርሴይ ሞተ። እንግዲህ አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ የባለቅኔውም ዓይን ቢሆን በዚያ መንገድ ላይ የሚያየው መልክዐ ምድር ሳይሆን የሚቀረውን የቀን ቍጥር ነበር። የተሸካሚዎቹ ስም ደግሞ እንደ እርሱ ስም አልታወቀም፤ ድካሙ ግን በእነርሱም ትከሻ ላይ ነበረ።

የምድር ባቡር ይህን ለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በመጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው ዳገት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ እንዲቆም ተደረገ። በዚህ ምክንያት በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሲደርስ፥ በፊት «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ከዚህ በኋላ በገንዘብና በመንግሥታት ክርክር ሥራው ለጥቂት ዓመታት ቆሞ፥ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጠቅላላው ርዝመትም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ባቡሩ የሳምንታትን መንገድ ወደ ቀናት አሳጠረው፤ ይልቁንም ለተጓዡ ዓይኑን መለሰለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና፥ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። ስለዚህ አገሩን ሁሉ በቀን ብርሃን ያየው ነበር። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ተነሥቶ በሽንሌ፥ በአዲጋላ፥ በአይሻና በደወሌ አልፎ፥ የአሊ ሳቢህን ቀይ ኮረብታና የሆልሆልን ረጅም ድልድይ አይቶ፥ በመጨረሻ ባሕሩ ከፊቱ ይዘረጋለታል። ስንቅና ውኃ ሳያስጨንቀው በመስኮት አገር ያየ ሰው በዚህ መንገድ የታየው ያን ጊዜ ነው። በድሬዳዋም ኩባንያው በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ የሠራው ከዚራ የከተማው ሰው በማታ ነፋስ የሚንሸራሸርበት ሰፈር ሆነ።

ዳሩ ግን በባቡር የሄደ ሁሉ ለደስታ የሄደ አይደለም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በዚሁ ሐዲድ ወርደው ኢየሩሳሌምን ተሳልመው አውሮፓን ጐበኙ። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በዚያው ሐዲድ ወደ ስደት ወረዱ። ተራራው ያው፥ በረሓውም ያው፥ ባሕሩም ያው ነበረ፤ የተጓዡ ልብ ግን አንድ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ መንገድ ከተማን ይወልዳል፥ መንገድ ሲዞርም ከተማን ያስረሳል። ባቡሩ ከጅቡቲ በተነሣ ጊዜ የዘይላ ንግድ ደከመ። ጭነቱ ድሬዳዋ ላይ መራገፍ በጀመረ ጊዜ ጊልዴሳ ግመልና በቅሎ የሚለዋወጡባት መሆኗ ቀረ፤ የሐረርም ገበያ ከፊሉ ወደ ቈላ ወረደ። ማንም እነዚህን ከተሞች በጦር አልወጋም፤ ሐዲዱ በሌላ በኩል አለፈ እንጂ።

በዘመናችንም ይኸው ተደግሟል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው፥ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው አዲሱ የምድር ባቡር በ2009 ዓ.ም. በመስከረም ወር ሲመረቅ፥ የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው መካከል ወጥቶ በመልካ ጀብዱ በኩል ተሠራ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌም 220 ኪሎ ሜትር የሚያህል አስፋልት ተነጠፈ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስለ ሆነች፥ በ1990 ዓ.ም. በተነሣውም ጦርነት የአሰብና የምጽዋ መንገድ ስለ ተዘጋ፥ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሆኗል። እንግዲህ መልካ ጀብዱ በዘመናችን የጊልዴሳን ወንበር ወርሳለች ማለት ይቻላል።

ወንበር የወረሰ ሰው ግን የቀደመው ባለ ወንበር እንዴት እንደ ተነሣ ማወቅ ይገባዋል። ጊልዴሳ የኖረችው በሚያልፈው ጭነት ነበርና፥ ጭነቱ ሲቀር ክብሯ አብሮ ቀረ። ድሬዳዋ ግን ሐዲዱ ከመካከሏ ቢወጣም ከተማነቷ አልወጣም፤ ምክንያቱም በባቡሩ ዘመን የዕደ ጥበብ ቤት፥ ትምህርት ቤት፥ ገበያና የዛፍ ጥላ አቍማለች፤ አላፊው መንገደኛ የሚያርፍባትን ብቻ ሳይሆን ነዋሪው የሚንሸራሸርባትን ከተማ ሠርታለች። ሰው በእግሩ ቀስ ብሎ ሊሄድባት የሚወዳት ከተማ ባቡር ቢርቃትም ትኖራለች። መልካ ጀብዱም ከመሻገሪያነት አልፋ መኖሪያ ትሆን ዘንድ፥ ከመጋዘኑና ከጣቢያው አጠገብ ዛፍ መትከል፥ ለእግረኛም መንገድ መተው ዛሬ የሚጀመር ሥራ ነው፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ሐዲድ ከዞረ በኋላ ቢተክሉት አይደርስምና።