ወደ መቅደላ የተጠረጉ ሁለት መንገዶች

በተራራማ አገር የብዙ ቀን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አራት ነገሮችን ማስላት ይገባዋል። እነዚህም የሚሸከመው ጭነት፣ ውሃ የሚገኝበት ስፍራ፣ በአንድ ቀን ሊደረስበት የሚቻለው ርቀትና ክረምቱ የሚገባበት ጊዜ ናቸው። ሲራራ ነጋዴው ይህን ስሌት ከአባቱ እየተማረ ለልጁ ሲያስተላልፈው ኖሯል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ግን ስሌቱ በ1860 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1867-68) እንደ ተፈተነ ምናልባት በሌላ ጊዜ አልተፈተነም። በዚያ ዓመት ሁለት ሠራዊቶች፣ አንዱ ከምዕራብ፣ ሌላው ከሰሜን፣ ወደ አንድ አምባ ተጓዙ። የውጊያው ነገር በብዙዎች ተጽፏል። እዚህ የሚመረመረው ውጊያው ሳይሆን መንገዱ ነው።

የነገሩ መነሻ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ሳይመለስ በመቅረቱ ተቆጥተው ቆንስሉን ካሜሮንን፣ በኋላም መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን ራሳምን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በነሐሴ 1859 ዓ.ም. ጦር ለመላክ ወሰነ። ንጉሠ ነገሥቱም በበኩላቸው መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ለመግባት ቆረጡ።

ከደብረ ታቦር የተነሣው ጉዞ

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የሚስዮን ሠራተኞች ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ከእነዚህ መድፎች ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ባለ ሰፊ አፍ መድፍ ሲሆን፣ ክብደቱ በቶን የሚቆጠር በመሆኑ በጋሪ ላይ ሆኖ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ካልጎተቱት አይንቀሳቀስም ነበር። እንዲህ ያለውን ጭነት ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ማድረስ ማለት ከዚያ በፊት መንኰራኵር ባልረገጠው አገር ላይ የጋሪ መንገድ ማውጣት ማለት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ይህ አንድ ተግባር ብቻውን የጉዞውን ዕቅድ ይገልጣል፤ ወደ ኋላ መመለስ በስሌቱ ውስጥ አልነበረም። በጋይንት በኩል አልፈው ወደ ዋድላ ደጋ ካመሩ በኋላ ከቤተ ሖር በታች የጂዳ ገደል ይጠብቃቸው ነበር። ከጂዳ ማዶ የደላንታ ደጋ፣ ከደላንታ በታች ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አለ። ሁለቱም ሸለቆዎች ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ያላቸው ናቸው። ጭነት የሌለው እግረኛ ጠዋት ወርዶ ማታ ሊወጣቸው ይችል ይሆናል፤ ሴባስቶፖልን የሚጎትት ጭፍራ ግን በቅድሚያ የዳገቱን ወገብ እያጠማዘዘ መቁረጥ፣ አለቱን በባሩድ መሰንጠቅ፣ የተናደውን በድንጋይ መደገፍ ነበረበት።

የዓይን ምስክሮች እንደ ጻፉት ንጉሠ ነገሥቱ ሥራውን በትእዛዝ ብቻ አልመሩም። ከማለዳ ጀምሮ ከሠራተኛው መካከል ቆመው ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ፣ የመንገዱን መስመርም ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ሙያዊ ትምህርት የሌላቸው ሰው ቁልቁለትንና የጋሪን ጠባይ አመዛዝነው ያወጡት መስመር፣ በኋላ ያዩትን የእንግሊዝ መኮንኖች በእጅጉ እንዳስደነቀ ከጽሑፎቻቸው ይታወቃል።

ይሁንና የጉዞው ድካም የገደሉ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከግዛታቸው አብዛኛው ከእጃቸው ወጥቶ፣ ሠራዊታቸውም በየጊዜው እየከዳ ተመናምኖ ነበር። ስንቅ በገበያ የሚሸጥላቸው ሕዝብ ስላልነበረ ሠራዊቱ የሚበላው በዘረፋ ተገኘ፤ ዘረፋውም የቀረውን ባላገር አሸሸ። መድፎቹ ከመቅደላ ሥር የደረሱት በመጋቢት አጋማሽ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ መስመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጉዞው ወደ 6 ወር ገደማ ስለ ወሰደ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርስም። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት ቃል በቃል የተፈጸመበት ጉዞ ነበር።

ከዙላ የተነሣው ጉዞ

የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በሙያው መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ በቤንጋል የመሐንዲሶች ክፍል ውስጥ አገልግሏል። የዘመቻው አሠራርም የሙያው ምልክት አለበት። ከቦምቤይ ዋናው ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት ቀዳሚ ቡድን ተልኮ የባሕሩን ዳርቻና ወደ ደጋው የሚያስወጡትን መተላለፊያዎች መረመረ። ከምጽዋ በስተ ደቡብ የምትገኘው ዙላ ለማረፊያ፣ በኩማይሌና በሱሩ ሸለቆ በኩል ወደ ሰንዓፈ የሚያወጣው መንገድም ለመተላለፊያ ተመረጡ። ዛሬ እነዚህ ስፍራዎች በኤርትራ ውስጥ ይገኛሉ።

ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ መንገድ የተዘጋጀው ኃይል 13000 ያህል ወታደር፣ ከእነርሱ ጋር ቍጥሩ እጥፍ የሚሆን የጓዝ ሠራተኛና ከ40000 የሚበልጥ እንስሳ ነበር። ከእንስሳቱ መካከል ከባድ መድፎችንና ሞርታሮችን እንዲሸከሙ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩ።

ዕቅዱ የተሟላ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን መጀመሪያ የወደቀው በውሃ ነው። ዙላ ደረቅና እጅግ ሞቃት ስፍራ ስለ ሆነ የሚጠጣ ውሃ የሚገኘው የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት በማጣራት ብቻ ነበር። በቅሎዎቹ ከግብጽ፣ ከቱርክ፣ ከስፔንና ከሌሎችም አገሮች ተገዝተው በመርከብ ሲደርሱ፣ የሚነዷቸው ሰዎችና የሚያጠጡባቸው ገንዳዎች ገና አልተዘጋጁም ነበር። በዚህ ላይ የፈረስ በሽታ ተጨመረና እንስሳቱ በብዛት አለቁ። ጭነቱ፣ ጫኙና ውሃው ተመጣጥነው ካልደረሱ የመርከብ ብዛት ምንም እንደማይረዳ ዙላ አሳየች።

ናፒየር በታኅሣሥ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ይህን ማስተካከል ነው። ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ጀልባዎች ጭነት የሚያራግፉባቸው ረጃጅም መድረኮች ተሠርተዋል። ወደ ኩማይሌ አቅጣጫ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ። ሐዲዱ ከልዩ ልዩ ቦታ የተለቃቀመና እርስ በርሱ የማይገጥም ስለ ነበር መሐንዲሶቹን ብዙ አድክሟል። በኩማይሌ መሬት ውስጥ በመዶሻ እየተመታ የሚገባ የብረት ቧንቧ ጉድጓድ በሥራ ላይ ዋለ፤ ይህ ዓይነቱ ጉድጓድ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር «የሐበሻ ጉድጓድ» እየተባለ ሊጠራ በቅቷል። ታላላቅ ቋጥኞች የዘጉት የሱሩ ጠባብ ሸለቆም በመሐንዲሶችና በመንገድ ጠራጊ ጭፍሮች ድካም ጋሪ የሚያሳልፍ ሆነ። የቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ደጋው ተዘረጋ፤ የመንገዱ ንድፍ ካርታዎችም በፎቶግራፍ እየተባዙ ለመኮንኖች ታደሉ።

ከዚያ በኋላ ጉዞው በደረጃ ተከፋፈለ። በሰንዓፈ፣ በአዲግራትና በአንጣሎ የስንቅ ማከማቻ ተቋቁሞ፣ አንዱ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው በብዛት አይታለፍም ነበር። ለስንቁ፣ ለገለባውና ለአጋሰሱ ለባላገሩ ዋጋ የተከፈለው በማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። የካቲት 18 ቀን ናፒየር በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተባሉት ከደጃዝማች ካሳ ጋር በሐውዜን አካባቢ ተገናኘ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜም መንገዱን አልዘጉም። እነዚህ መሳፍንት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የየራሳቸው ጠብ ነበራቸው። የመንገዱ ዳርና ዳር በጠላትነት ቢነሣ ኖሮ ያ ሁሉ ማከማቻ በጠባቂ ብዛት ብቻ ሊጠበቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

መጋቢት 4 ቀን ከአንጣሎ ወደ ደቡብ የተነሣው ክፍል የተመረጠና የቀለለ ነበር። መንገዱ የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ በላስታ ተራሮች ላይ ሲወጣና ሲወርድ ጭነቱ አሁንም ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በላት ሰፈር ድንኳንና የግል ዕቃ ተቀነሰ፤ ወታደሩም ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን ራሱ እንዲሸከም ታዘዘ። ከአንጣሎ እስከ በሽሎ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚገመተው መንገድ በ29 ቀን አለቀ። ይህም ከነዕረፍቱ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የመንገዶቹ መገናኛ

ሁለቱ ጉዞዎች የተገናኙት በዋድላ ደጋ ላይ ነው። ከሰሜን የመጣው ጦር ወደ ጂዳ ገደል አፋፍ ሲደርስ ዐፄ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ያስጠረጉትን መንገድ አገኘ። በዚያ መንገድ ወደ ጂዳ ወረደ፣ ወደ ደላንታ ወጣ፣ ወደ በሽሎም ወረደ። መንገዱ ባይኖር ኖሮ ዝሆኖቹና መድፎቹ እነዚያን ሁለት ገደሎች ለመሻገር የሱሩን ዓይነት አዲስ ሥራ ይጠይቁ ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ ስንቅና ከክረምቱ በፊት የቀረው ጊዜ ግን ጥቂት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በወራት ድካም የሠሩት መንገድ በመጨረሻ ያገለገለው ጠላታቸውን ሆነ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት የእንግሊዝ ጦር በሽሎን ተሻገረ። በዚያው ከሰዓት በኋላ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ወደ 700 የሚጠጉ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ሞቱ። ሴባስቶፖል ለውጊያው የፈየደው ነገር አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ጦሩ አምባውን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተዘረፈውን የብራና መጽሐፍትና ንዋየ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። ወደ መቅደላ ሲወጣ ብርድ ልብስ የተቀነሰበት ጦር ሲመለስ ለዚህ ጭነት ቦታ አላጣም። መቅደላም ተቃጠለች። ጦሩ በሰኔ ወር ከዙላ ተሳፍሮ ሲሄድ ሐዲዱንም ነቅሎ ወሰደ። የዘመቻው ወጪ መጀመሪያ ከተገመተው እጅግ በልጦ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር።

ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን የሚመለከት የሙያ ሰው ከላይ የተጠቀሰው ስሌት አንድ ነገር እንደሚጎድለው ይረዳል። ጭነትን፣ ውሃን፣ የዕለት መንገድንና ክረምትን ናፒየር ከብዙ ስሕተት በኋላ በገንዘብ ኃይል አስተካከላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስም ቢሆኑ ከሁሉ የከበደውን ጭነት ከሁሉ በከፋው ገደል አሳልፈው ያሰቡበት አድርሰዋል። በመንገድ ሥራ ረገድ አልተሸነፉም። የተለያዩት በአምስተኛው ነገር ነው፤ ይኸውም መንገዱ የሚያልፍበት አገር ሕዝብ ፈቃድ ነው። የአንደኛው ጉዞ ባላገሩን ሲያሸሽ የሁለተኛው ጉዞ ገለባና እህል ይሸጥለት ነበር።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በአደባባዩ የሚያልፍ ሰው መድፉን ያያል፤ መድፉን ያሳለፈው መንገድ ግን ሐውልት የለውም። በዋድላና በደላንታ መንገድ ለመቀየስ የሚሄድ መሐንዲስ ግን ከጂዳ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት፣ ያለ መሣሪያ መስመሩን የመረጡትን ሰውና ድንጋዩን ያነሡትን ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች ሊያስታውስ ይገባዋል።